ለወንድምሽ፦ ከፈረሱ በላይ ሚዛኑና ውሉ ያስጨንቃሉ

«ወንድሜ እንጅባራ ላይ የታወቀ ፈረሰኛ ነው። አሁን ዱባይ የእሽቅድምድም ፈረስ ሊጋልብ ነው። ሥራው ጭንቀት አለው ይላሉ፣ እውነት ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ አዎ፣ እውነት ነው። ሠርቼበታለሁ። ጭንቀቱ ግን ሰው ከሚገምተው ቦታ አይመጣም።

1. ፈረሱን ተይው። ወንድምሽ በፈረስ የሚታረስበት አገር ልጅ ነው። እኔም እዚያው አገው ምድር የባንጃ ልጅ ነኝ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጥር 23 በማኅበሩ በዓል እንጅባራ ላይ ሽምጥ ስንጋልብ ያየ ሰው ስለ እኛ አይሰጋም። ዱባይም አሰልጣኙ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ኃይለኛውን ፈረስ ለእኔ ነው የሰጠኝ።

2. ሚዛን። ፈረሱ የሚሸከመው ክብደት የተወሰነ ነውና ጋላቢ ኮርቻውን ይዞ ከውድድሩ በፊትም በኋላም ይመዘናል። ገብስና ድንች በልቶ ያደገ ጎረምሳ «50 ኪሎ ገደማ ሁን» ሲባል ምን እንደሚያደርግ አስቢው። ውሃ ይተዋል። ላስቲክ ልብስ ለብሶ ይሮጣል። ሳውና ገብቶ ላቡን ያወጣል። ውሃ ያጣ ሰው ደግሞ ራሱን ያዞረዋል፣ በትንሹም በትልቁም ይነጫነጫል። በዚህ ሁኔታ ነው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር ፈረስ ላይ የሚወጣው። እንግሊዞች በፈረንጆቹ 2021 ሳውናን ከውድድር ቦታዎቻቸው ጨርሰው ያስወጡት በከንቱ አይደለም። «እኛ ጾም የለመድን ነን» የሚሉ አሉ። ጾም ሰዓቱ ሲደርስ ይፈታል። የሚዛን ረሃብ ማታም አይፈታም።

3. ውል። እዚህ ላይ ቆም በይልኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኤጀንሲ ውሌ ላይ «የፈረስ ተንከባካቢ» ብሎ ጻፈ። «እኔ የምሄደው ልጋልብ ነው» አልኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ለቪዛ ነው፣ እዚያ ይስተካከላል፤ ቀጣይ!» አለች። አልተስተካከለም። ልምምድ ላይ ወድቄ ትከሻዬ ተሰበረ። ኢንሹራንሱ «ተንከባካቢ ፈረስ ላይ ምን ያደርጋል?» ብሎ አልከፍልም አለ። የኦፕሬሽኑን ገንዘብ ከደሞዜ እየቆረጡ ወሰዱት። ኤጀንሲው ጋ ስደውል ስልክ አያነሱም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጭንቀት ያልኩሽ ያኔ ነው የጀመረው። ፈረስ ላይ ስሆን ደህና ነኝ። ማታ ስተኛ ግን «ነገ ብወድቅ ማን ያሳክመኛል? ቤት የምልከውስ?» እያልኩ ይነጋል። በየውድድሩ አምቡላንስ ከኋላ ይከተላል፤ ሥራው እንዲህ ነው። ጋላቢ ካልጋለበ ደግሞ የመጋለቢያውን ክፍያ አያገኝም። ስለዚህ ሕመሙን ይደብቃል። ፈረሱ ሲሸነፍ ባለቤቱ ሌላ ሰው ያስቀምጥበታል፣ ምክንያቱን የሚነግርህም የለም። እኔ ትከሻዬ ሲድን ተመልሼ ጋልቤ አሸንፌያለሁ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ከእኔ ጋር የነበሩት ግን ብዙዎቹ ተሰብረው ነው የተመለሱት።

4. ዱባይ ውድድሩ ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ውድድር የለም። የእነዚያ ወራት ደሞዝ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡት።

«ጋላቢ» የሚለው ቃል በአማርኛውም በዐረብኛውም ውል ላይ ካልሰፈረ ወንድምሽ አይፈርም። «ይስተካከላል» ካሉት ወረቀቱን ጥሎላቸው ይውጣ። ዐረብኛውን ከኤጀንሲው ሰው ሳይሆን ከሌላ ሰው ያስነብብ፤ የእኔን ያነበበልኝ ራሱ ኤጀንሲው ነበር።