ጭቃ ወይስ አመድ?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ቀበሌ ቤት ነው የምንኖረው። መብራት ሲጠፋ ግቢው ውስጥ ሦስት ጉልቻ ጎልተን እናበስላለን፤ ጭሱ ግን ጎረቤቱን አስመርሯል። ባለቤቴ ባለ 20 ሊትር ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አምጥቶ የእንጨት ምድጃ ልሥራበት እያለ ነው። አማቴ ደግሞ ውስጡ በወፍራም ጭቃ ካልተመረገ ሙቀት አይዝም ይላሉ። የማንን ልስማ? እንጀራስ ይጋገርበታል?
ባለትዳሯ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ጭቃ ሙቀት መያዙን በደንብ ይይዛል፤ አማትሽ እዚህ ላይ አልተሳሳቱም። ችግሩ የያዘውን ለድስቱ አለመስጠቱ ነው። ሻይ ለማፍላት ያነደድሽው እንጨት መጀመሪያ የሚያሞቀው ጭቃውን ነው። ጭቃው እስኪግል ድረስ ደግሞ ነበልባሉን ያቀዘቅዘዋል፣ የቀዘቀዘ ነበልባል ይጨሳል፤ ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነውና ገንዘብሽም አብሮ እየወጣ ነው። ስለዚህ በጭቃው ፋንታ የተነፋ ደረቅ አመድ ተጠቀሙ። አመድ ቀላል ነው፣ በውስጡ አየር አለው፣ ሙቀቱን እሳቱ ጋ ያስቀረዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስፋታቸው ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ባዶ ጣሳዎች ፈልጉ፤ የወተት ዱቄት ጣሳ ጥሩ ነው። አንዱ ተኝቶ አፉ በትልቁ ቆርቆሮ ጎን፣ ከታች በኩል ይውጣ፤ ሁለቱ ቂጣቸው ተቆርጦ እየተደራረቡ ከተኛው ጣሳ ጀርባ ላይ ይቁሙ፣ መገናኛውም ይበሳ። እንደታጠፈ ክርን ማለት ነው። የቆመው ክፍል ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ይበቃል። ከዚያ በጣሳዎቹና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት ከሥር ጀምሮ በአመድ ሙሉት፣ ላዩንም መሃሉ በተበሳ ክዳን ግጠሙት፣ አለዚያ አመዱ ወጡ ውስጥ ይገባል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር። በተኛው ጣሳ አፍ ላይ ቁራጭ ብረት አግድም አስገቡና ለሁለት ክፈሉት፤ እንጨቱ ከላይ ይተኛል፣ አየሩ ከሥር ይገባል። አፉን በእንጨት ከጠቀጠቃችሁት ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፣ እንደ ድሮው ታለቅሻለሽ። ድስቱም አፉን መድፈን የለበትም፤ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚያደርጉት ሦስት የፌሮ ቁራጮች አድርጉለት። ፌሮም ጣሳም መርካቶ ምናለሽ ተራ አይጠፋም፤ መቁረጡ ካስቸገራችሁም እዚያው የሚቆርጥላችሁ ታገኛላችሁ።

የጣራ ቆርቆሮ ግን እሳቱ በሚነካው ቦታ አታስገቡ። ዚንክ የተለበጠ ነው፣ ዚንክ ደግሞ 420 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ሙቀቱ ሲበረታ የሚወጣውን ትነት የሳበ ሰው ብርድ ብርድ እያለው ያተኩሰዋል። የቀለም ቆርቆሮውንም ውስጡን ፍቃችሁ አጽዱት። (የላስቲክ ባልዲ ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀን ሰውም አለ። አይሆንም!) የውስጥ ጣሳዎቹ ቀጭን ስለሆኑ ውለው አድረው በእሳት ይበላሉ፣ ያኔ መቀየር ነው፣ ጣሳ እንደሆነ ሞልቷል።

ፍልጥ አትግዢለት፤ ደረቅ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ነው የሚወደው። ጫፉን ብቻ አንድደሽ እያለቀ ሲሄድ ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ ማድረግ ነው።

እንጀራ? አይሞከርም። ምጣዱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ እሳቱ የሚያገኘው መሃሉን ብቻ ስለሆነ መሃሉ ሲያር ዳሩ ሊጥ ይሆናል። ለእንጀራ ለምጣድ ተብሎ የተሠራው፣ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚወጣው «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ይሻላል። ይሄኛው ለሽሮ፣ ለንፍሮና ለሻይ ነው።

ክረምት ላይ ዝናብ መጣ ብላችሁ ምድጃውን ቤት ውስጥ እንዳታስገቡት፤ ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ዙሪያው ክፍት የሆነ ዳስ ሥር አኑሩት። አመዱ ከረጠበ አውጥታችሁ አድርቁት፣ እርጥብ አመድ ከጭቃው አይሻልም።