ብርጭቆውን ተዪውና መስኮቱን ክፈቺ

እህቴ፣ የባለቤትሽ ወንድም የሳንባ ቲቢ ተገኝቶበት ሰሞኑን መድኃኒት መጀመሩን፣ ስኳር ያለባቸው አማትሽና የሦስት ዓመት ልጅሽም በዚያው ሁለት ክፍል ቤት መሆናቸውን ጽፈሽ፣ «ሳህንና ብርጭቆውን ለይቻለሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?» ብለሻል። የእኔው ቤት ታሪክ ነው። ታማሚው የእኔ ወንድም፣ ስኳር ያለባት ደግሞ እናቴ ከመሆናቸው በቀር ልዩነት የለውም።

አንደኛ፣ ብርጭቆውን ተዪው። ቲቢ በዕቃ አይተላለፍም። እኔም እንዳንቺው የወንድሜን ሲኒ ለመለየት ሥሩ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጌበት ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። እናቴ «ብርድ ይመታኛል» ስለምትል መስኮቱ በሚስማር ተመትቶ፣ ስንጥቁ ሳይቀር በጨርቅ ተወትፏል። በዚያች ክፍል ከሰል አቀጣጥለን፣ እሱ እያሳለ፣ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጠን እንጠጣለን። ቀይ ነጥብ ያለበት ሲኒ ለብቻው ይታጠባል፤ የምንተነፍሰው አየር ግን አንድ ነው። ታማሚው ሲያስልና ሲያወራ የሚወጣው ተህዋሲ በታፈነ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ሲንሳፈፍ ይቆያል፤ ነፋስ ሲገባ ይበተናል፣ ፀሐይ ደግሞ ይገድለዋል። ያ ቀይ ነጥብ ያተረፈልኝ የወንድሜን ቅያሜ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

ሁለተኛ፣ ልጅሽን ነገውኑ ውሰጂው። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከሳንባ ቲቢ ታማሚ ጋር ከኖረ ባያስልም ይመረመራል፤ በሽታው ከሌለበት የመከላከያ መድኃኒት በነጻ ይሰጠዋል። እኔ ይህን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሰምቼ የሁለት ዓመት ተኩል ልጄን አዝዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለው ሰው ቀና ብሎም ሳያየኝ «ምኗን ታማለች?» አለ። «አልታመመችም፤ አጎቷ ግን…» ብዬ ሳልጨርስ፣ «ያልታመመ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል? ስትታመም አምጪያት» ብሎ ቀጣዩን ጠራ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። አፍሬ ተመለስኩ። ቢሲጂ ተከትባለች ብዬም ራሴን አጽናናሁ፤ ክትባቱ በተለይ ሕፃናትን የሚገድሉትን ከባድ የቲቢ ዓይነቶች እንጂ ሁሉንም እንደማይከላከል ያኔ አላውቅም።

መስከረም ላይ ልጄ ምግብ እምቢ አለች። ማታ ማታ ትተኩሳለች። ለአዲስ ዓመት የገዛሁላት ቀሚስ በወሩ ሰፋት። ቲቢ ነው። ስድስት ወር ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ኪኒኑን በውኃ አሟሙቼ በማንኪያ ሳጠጣት ከረምኩ። ድናለች፣ ተመስገን፤ ያንን ሰው ግን ይቅር አላልኩትም። ራሴንም እንዲሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ካርድ ክፍሉን አልለመንኩም። የወንድሜን የሕክምና ካርድ ይዤ በቀጥታ ቲቢ ክፍል ገባሁ። እዚያ ያሉት ሲስተር ካርዱን አይተው «ያን ጊዜ ለምን ወደ እኔ አልመሩሽም?» አሉኝ። የሚመልሰው ሌላ ሰው ነበር። እናቴንም በዚያው ሳምንት ወስጄ አስመረመርኳት፤ ስኳር ያለበት ሰው በቲቢ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። ደግነቱ ነጻ ሆነች። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ሦስት ቤተሰብ እኔው ራሴ እስከ ቲቢ ክፍሉ በር አድርሻለሁ። አንቺም የታማሚውን ካርድ ይዘሽ ሂጂ፤ «የቤተሰብ ምርመራ» በይና በሩ ላይ ቁሚ።

ስንተኛ ላይ እንደደረስኩ ጠፋኝ። ብቻ የባለቤትሽ ወንድም ሽንቱ ቀላ ብሎ እንዳይደነግጥ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ቀለም ነው። የእኔው ወንድም ደም መስሎት ኪኒኑን አራት ቀን ትራሱ ሥር ሲደብቅ ይዤዋለሁ። ተህዋሲው መድኃኒት የተላመደ ካልሆነና እሱም በትክክል ከዋጠ፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የማስተላለፉ ነገር በእጅጉ ይቀንሳል። እስከዚያ ጭምብል ያድርግ፣ ከልጁ ጋር አንድ ክፍል አይተኛ። ሳሉ ቢጠፋም ስድስቱን ወር አያቋርጥ።

የመስኮታችንን ሚስማር በመጨረሻ በጉጠት የነቀለው ወንድሜ ነው። እናቴ ጋቢዋን ደርባ «በነፋስ ልትገድሉኝ ነው» እያለች ስታማርር ከረመች። አማትሽም ይሉሻል፤ ጋቢ ደርቢላቸው።