ብዙ የመኪና ኮምፒውተር በአንድ ጠባብ ሳጥን፦ ሙቀቱ በየት ይውጣ? (ጥያቄና መልስ)

የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የፍሬኑን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር (ኢሲዩ) በአንድ ሳጥን መሰብሰብ ገመድ ያሳጥራል፣ ቦታም ይቆጥባል። በተናጠል ሳሉ የማያስቸግሩት ቦርዶች ግን አንድ ላይ ሲሆኑ እርስ በርሳቸው ይጋገራሉ። እንዲህ ያሉ ሳጥኖችን በመሥራትና በመፈተሽ ዓመታት አሳልፌአለሁና የመጡልኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ። ከቻላችሁ በቁጥር ጠይቁኝ፤ «በጣም ይሞቃል» ከሚለኝ ይልቅ «ክዳኑ 95 ደረሰ» የሚለኝ ሰው ቶሎ ይገባኛል። ዲግሪ ስል ሴንቲግሬድ ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ 200 በ150 በ60 ሚሊሜትር በሆነ የአሉሚኒየም ሳጥን ውስጥ ሦስት ኢሲዩ ማስገባት እፈልጋለሁ። እያንዳንዱ 10 ዋት ያህል ይሞቃል። ያለ ቬንትሌተር ይሆናል?

መልስ፦ አብረን እናስላው። የሳጥንህ ስድስት ገጽ ሲደመር 0.1 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ንፋስ በሌለበት፣ ገጹ ቀለም የተቀባ ከሆነ፣ አንድ ካሬ ሜትር ከአካባቢው በ1 ዲግሪ በበለጠ ቁጥር በአየርና በጨረር ተደምሮ ወደ 12 ዋት ይለቃል። ያንተ ሳጥን ስለዚህ በዲግሪ 1.2 ዋት ይለቃል ማለት ነው፤ 30 ዋቱን ለማስወጣት ቆዳው (የሳጥኑ የውጭ ገጽ) ከአካባቢው በ25 ዲግሪ መብለጥ አለበት።

አሁን የት እንደምታስረው ንገረኝ። ተሳፋሪው ክፍል ውስጥ፣ በዳሽቦርዱ ሥር፣ ለከፋ ቀን የሚታሰበው 85 ዲግሪ ነው፤ ቆዳው 110 ይሆናል፣ በጥንቃቄ ከተሠራ ያስኬዳል። ኮፈን ሥር 105 ብለህ ከጀመርክ ግን ቆዳው ብቻ 130 ይደርሳል። ለመኪና ከሚሠሩት ቺፖች ብዙዎቹ እስከ 125 ዲግሪ የአካባቢ ሙቀት ብቻ እንዲሠሩ ነው የተፈተኑት፤ ቺፑ ደግሞ ሁልጊዜ ከቆዳው ይበልጥ ይሞቃል። እዚያ አይሆንም። ሌላም ነገር አለ፤ ሳጥኑን ከግድግዳ ጋር ከለጠፍከው ያ ገጽ ከስሌቱ ይወጣል። የለጠፍከው ከወፍራም ብረት ጋር ከሆነና በደንብ ከነካ ግን ታተርፋለህ።

ጥያቄ፦ ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ቬንትሌተር ብጨምርስ?

መልስ፦ የታሸገ ሳጥን ከሆነ ያንኑ አየር ያማስላል እንጂ ሙቀት አያስወጣም። አንዱን የጋለ ጥግ ከሌላው ጋር ማመጣጠን ይችላል፣ ከዚያ በላይ ግን አትጠብቅበት። በዚያ ላይ የራሱን ሙቀት ይጨምራል፤ ቀድሞ የሚያረጀውም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የድሮ ቢኤምደብልዩ ላይ ኢሲዩዎቹ ያሉበት ሳጥን ውስጥ ቬንትሌተር አይቻለሁ። እርስዎ ካሉት ጋር አይጋጭም? ቢነቀልስ?

መልስ፦ አይጋጭም፣ እባክዎ አይንቀሉት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞዴሎች ላይ የሞተሩና የካምቢዮው መቆጣጠሪያ ኮፈን ሥር በአንድ ሳጥን ይቀመጡ ነበር። ያ ቬንትሌተር ከተሳፋሪው ክፍል ቀዝቀዝ ያለ አየር እየሳበ በሳጥኑ ያሳልፋል፤ የውስጡን አየር በውጭ አየር ይለውጣል ማለት ነው። ሲቆም መኪናው ያን ቀን ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ቦርዶቹ ግን በየቀኑ ባልታሰበላቸው ሙቀት ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ ትልቁ ቺፕ ከክዳኑ በ1 ሚሊሜትር ብቻ ይርቃል። ይህን ያህል ከቀረበ ሙቀቱ አይሻገርም?

መልስ፦ አይሻገርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ረዘም አድርጌ ልመልስ። የቆመ አየር ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው 0.026 ብቻ ነው፤ ለሳጥን የሚቀልጠው አሉሚኒየም 100 ገደማ ነው (መለኪያው ዋት በሜትር በዲግሪ)። ቺፕሽ 20 በ20 ሚሊሜትር ሆኖ 10 ዋት ቢያወጣ፣ የዚያ የ1 ሚሊሜትር አየር ስሌት ወደ 960 ዲግሪ ልዩነት ይሰጥሻል። ሙቀቱ በዚያ በኩል አይሄድም፤ በቦርዱ በኩል ዞሮ ጎረቤቶቹን ያበስላል። ክፍተቱን ወደ 0.1 ሚሊሜትር ብታጠቢው እንኳን ወደ 96 ዲግሪ ነው።

በዚያው በ1 ሚሊሜትሩ ክፍተት ባለ 3 ዋት በሜትር በዲግሪ ለስላሳ ቴርማል ፓድ (ሙቀት አስተላላፊ ንጣፍ) አስገቢ፤ ልዩነቱ ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል። ከ960 ወደ 8! አንዲት ቁራጭ ፓድ የምትሠራውን ሌላ ምንም ነገር አይሠራልሽም። ክዳኑ ከውስጥ በኩል በቺፑ ትክክል ጉብ ያለ ቢሆን ደግሞ ቀጭን ፓድ ይበቃሻል። ፓዱ ግን ሲጨመቅ ቦርዱን ይገፋል። ከጎኑ የብሎን መያዣ ከሌለ ቦርዱ ይጎብጣል፣ በረጅም ጊዜም የቺፑ ብየዳ ይሰነጠቃል። በሁለት ብሎኖች መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ ትተው ወፍራምና ደረቅ ፓድ የሚያስገቡ ሰዎች ሳይ ይጨንቀኛል።

ጥያቄ፦ ሳጥኑን ጥቁር መቀባት እውነት ይጠቅማል?

መልስ፦ ይጠቅማል፣ ነገር ግን ጥቁርነቱ አይደለም። ያልተቀባ የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም በጨረር የሚለቀው ሊለቅ ከሚችለው 10 በመቶ እንኳን አይሞላም፤ ቀለም ሲቀባ ከ80 በመቶ ያልፋል። ነጭ ቀለምም ቢሆን በዚህ የሙቀት ጨረር ከጥቁሩ ጋር እኩል ይሠራል። አጠገቡ የጭስ ማውጫ ቱቦ ካለ ግን ሳጥኑ ተቀባይ ይሆናልና በመካከላቸው የሚያብለጨልጭ ላሜራ ጣልቃ አስገባ።

ጥያቄ፦ ሦስቱን ቦርዶች በምን ቅደም ተከተል ልደርድር?

መልስ፦ እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ሳጥን ያስተማረኝን ልንገርህ። ሦስቱን ጠፍጣፋ አድርጌ ደርድሬአቸው ነበር፤ ሪሌና ትራንዚስተር የበዛበት የኃይል ቦርድ መካከል፣ የካምቢዮው መቆጣጠሪያ ከላይ። መኪናው ሲሄድ ምንም አይል። ሞተሩ ጠፍቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ ሲነሣ ግን ካምቢዮው ስህተት ያወጣል። ስንት ቀን ገመድ ለገመድ ስፈትሽ ከረምኩ! ለካ ሞተር ሲጠፋ ንፋሱም የራዲያተሩም ቬንትሌተር ይቆማሉ፣ የጋለው የሞተር ብረት ግን ሙቀቱን መልቀቁን ይቀጥላል፤ ኮፈን ሥር ያለው አየር መኪናው ከሚሄድበት ሰዓት ይብሳል። ኃይል ቦርዱ ያከማቸው ሙቀት ደግሞ መውጫው በካምቢዮው ቦርድ በኩል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እያንዳንዱ ቦርድ ሌላውን ሳያቋርጥ ወደ ውጭ ቆዳ የሚደርስበት የራሱ መንገድ አለው? ኃይል ቦርዱን ከወለሉ ጋር አጣብቀው፣ ሁለተኛውን ከክዳኑ፣ ሦስተኛውን ከጎን ግድግዳ ጋር አቁመው። መካከል ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ቦርድ አይኑርህ። የውጭ ክንፎች (ሙቀት የሚለቁ ቀጫጭን የብረት ዘርፎች) ካሉህ ቁመታቸውን ወደ ላይ አድርግ፤ አግድም ሲሆኑ የሞቀው አየር መውጫ ያጣል።

ጥያቄ፦ በ10 ዲግሪ ይህን ያህል መጨነቅ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር (ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ትራንዚስተር) ደግሞ 150 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ውስጣዊ መቋቋሙ በ25 ዲግሪ ከነበረው ወደ 1.7 እጥፍ ይጠጋል፤ በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ይሞቃል። አዎ፣ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሳጥኑን ማሳደግ አልችልም፣ ክንፍም አይገባም። ምን ይቀረኛል?

መልስ፦ ሙቀቱን ከመነሻው መቀነስ። ከ14 ቮልት ወደ 5 ቮልት በሊኒየር ሬጉሌተር (ትርፉን ቮልት በሙቀት መልክ በሚጥል መቀነሻ) 1 አምፒር ብትወስድ 9 ዋት እንዲያው ይቃጠላል። በ90 በመቶ ብቃት የሚሠራ ስዊቺንግ ሬጉሌተር (በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ቮልቱን የሚቀንስ) ለዚያው ሥራ የሚያባክነው 0.6 ዋት አይሞላም። ሦስት ኢሲዩ የየራሱን ሊኒየር ሬጉሌተር ይዞ ሲመጣ ሳይ መጀመሪያ የምነካው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ በፈሳሽ ማቀዝቀዝስ መቼ ነው የሚያዋጣው?

መልስ፦ ዋቱ ቆዳው ከሚችለው ሲያልፍ። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የራስ ነጂ ኮምፒውተር 72 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በሞዴል 3 ላይ እሱና የመዝናኛው ኮምፒውተር ፈሳሽ የሚያልፍበትን አንድ ሳህን በግራና በቀኝ ይጋራሉ። አንዳንድ የከባድ መኪና ናፍጣ ሞተሮችም ነዳጁን በኢሲዩው ጀርባ ባለ ሳህን ያሳልፉታል። ውሃና ግላይኮል እኩል የተቀላቀለ ኩላንት በደቂቃ 1 ሊትር ቢፈስ፣ 300 ዋት ተሸክሞ የሚሞቀው በ5 ዲግሪ ብቻ ነው። የሞተሩ ኩላንት ግን ራሱ 90 አካባቢ ስለሆነ ሳህኑን ከዚያ በታች አያወርደውም፤ የተለየ የኩላንት መስመር ያስፈልጋል። የቱቦ መጋጠሚያ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ በፍጹም አይሁን።

ጥያቄ፦ ሳጥናችን ጓርኒሲዮኑ (የክዳኑ ማሸጊያ) ደህና ሆኖ ውስጡ ውሃ አገኘን።

መልስ፦ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ፈስሶበት ይሆናል። የውስጡ አየር ድንገት ሲኮማተር ውሃውን በጓርኒሲዮኑ በኩል ይስበዋል። አየር አሳልፎ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያለው መተንፈሻ ግጠሙለት።

ጥያቄ፦ ግማሽ ሰዓት አስነሥቼ ለካሁት፣ 78 ላይ ነው። አልፏል ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ገና ነው። ሳጥኑ ከነቦርዶቹ 2 ኪሎ ያህል ከሆነና መጠኑ እንደ መጀመሪያው ጠያቂ ሳጥን ከሆነ፣ በግማሽ ሰዓት የሚደርሰው ከጠቅላላው ጭማሪ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ተወው። በኢንፍራሬድ (ሳይነካ በሚለካ) ቴርሞሜትር ከለካህ ደግሞ በሚያብለጨልጨው አሉሚኒየም ላይ ደብዛዛ ጥቁር ፕላስተር ለጥፍና እሱን ለካ፤ ያለዚያ የምታነበው በብረቱ ላይ የተንጸባረቀውን የክፍሉን ሙቀት ነው። ቁጥሩን ስታገኝ የክፍሉንም ሙቀት አብረህ ላክልኝ።