ሥጋ ሳይበሉ ጣና ዳር መክረም፦ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ባሕር ዳር ሲሆን፣ ሥጋና ዓሣ መመገብ ካቆምሁ ዓመታት አልፈዋል። ወደ ከተማችን ለመምጣት ያሰቡ ሰዎች ስለ አመጋገብ ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በግንቦት ወር ከአዲስ አበባ ለአንድ ሳምንት እመጣለሁ። ሥጋ ብቻ ሳይሆን ቅቤ፣ ወተትና እንቁላልም አልመገብም። የጾም ምግብ የሚታወቅበት አገር ስለሆነ አልቸገርም ብዬ አምናለሁ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ስለ አገሩ አልተሳሳቱም፤ ስለ ወሩ ግን ሊያስቡበት ይገባል። በሁዳዴ 55 ቀናት፣ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና በሚዘልቀው የነቢያት ጾም፣ በፍልሰታ 15 ቀናትና በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ፣ ከሐይቁ ዳር ሆቴሎች ጀምሮ እስከ ሠፈር ምግብ ቤቶች ድረስ በያይነቱ የማይሠራ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ፣ ብዙ ቤቶች የጾም ወጥ መሥራት ይተዋሉ፤ ግንቦት ደግሞ በአብዛኛው የሚውለው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። ቀጠሮዎን ማዘግየት ከቻሉ የሰኔ ጾም እስኪገባ ይጠብቁ፤ ብዙ ሰው «የቄስ ጾም» ብሎ ቢያልፈውም እንኳ ረቡዕና ዓርቡ ይመለሳል። ማዘግየት ካልቻሉ ጠዋት ወደ አንድ ምግብ ቤት ጎራ ብለው፣ ለምሳ ምስርና ጎመን በዘይት እንዲሠራልዎ ይንገሩ። ምስሩም ጎመኑም በገበያው ሞልቷል፤ ወጥ ሠሪዋ የሚያስፈልጋት ቀደም ብሎ ማወቅ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ላይ የጾም ምግብ አዝዤ፣ ትሪው መካከል የተጠበሰ ዓሣ ተቀምጦ መጣልኝ። ይህ ለምን ይሆናል?

መልስ፦ ሐይቁ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ የሚወጣበት በመሆኑ፣ እዚህ ዓሣ የዘወትር ምግብ ነው። በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር የቆየ ሲሆን፣ አይበላም የሚሉ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ብዙ ቢሆኑም በልማድ የሚበላው ሰው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ አስተናጋጁ እርስዎን ለማስደሰት ያደረገው እንጂ ትእዛዝዎን ንቆ ያደረገው አይመስለኝም። ሲያዝዙ «የጾም፣ ዓሣም የሌለበት» ብለው አስቀድመው ይናገሩ። ድንች ጥብስ ካማረዎት ደግሞ የሚጠበሰው ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት እንደሆነና እንዳልሆነ ይጠይቁ፤ ሐይቅ ዳር ባሉ ቤቶች ይህን ማጣራት ተገቢ ነው። «የሽምብራ ዓሣ» የሚል ካዩ ግን አይሽሹት፤ በዓሣ ቅርጽ ተጠብሶ በወጥ ውስጥ የሚገባ የሽምብራ ዱቄት ነውና፣ ከጾም ምግቦቻችን ሁሉ እኔ የማስቀድመው እርሱን ነው።

ጥያቄ፦ ሽሮ ካዘዝሁ ከስጋት ነጻ ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቦዘና ሽሮ ሥጋ የሚገባበት ነው። ተጋቢኖም በጾም በዘይት ይሠራል፤ በፍስክ ቀን ግን ሳይጠይቁ ቅቤ ሊጨመርበት ይችላል፤ አንዳንዴም ቅቤው የሚጣልበት ወጡ ከበሰለ በኋላ፣ ሊቀርብ ሲል ስለሆነ፣ ከአስተናጋጁ ይልቅ ወጥ ሠሪዋን መጠየቅ ይሻላል። ፉል ላይ እንቁላል ወይም ቅቤ ይደረጋል፤ ጨጨብሳ በቅቤ ነው፤ የአትክልት ሾርባ የሚባለውም በአጥንት መረቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሱፍ ፍትፍት፣ ቲማቲም ፍትፍት፣ አዚፋና ተልባ ግን እምብዛም አያሳስቡም።

ጥያቄ፦ በአካባቢው ሽሮ ውስጥ ጓያ እንደሚገባና ጓያ ሽባ እንደሚያደርግ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጓያ በፎገራና በደምቢያ ሜዳ የሚዘራ እህል ነው፤ እግርን የሚያሰንፍ መርዛማ ንጥረ ነገር እንዳለበትም የተረጋገጠ ነው። ሆኖም ጉዳቱ የሚደርሰው ሌላ እህል ሲጠፋ ለሳምንታትና ለወራት ጓያን ዋና ምግባቸው ባደረጉ ሰዎች ላይ ነው፤ በድርቅና በረኃብ ጊዜ ድኻውን ገበሬ የጎዳውም በዚሁ መንገድ ነው። ለጥቂት ቀናት ለሚመጣ እንግዳ የሚያሰጋ አይደለም። የሚያሳስብዎት ከሆነ የሽምብራ ወይም የአተር ሽሮ መሆኑን ጠይቀው ይዘዙ።

ጥያቄ፦ በጀልባ ወደ ገዳማቱ ስንሄድ ምሳ የት እናገኛለን?

መልስ፦ ይዛችሁ ሂዱ። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆንም፣ በሬ ጠምዶ ማረስ በጥንት ሥርዓት የተከለከለበትና ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ የሚተዳደርበት ምድር ስለሆነ፣ እህሉ ራሱ ከውጭ ይገባለታል፤ ቡና በደስታ ይፈላላችኋል፤ ምግብ ግን ተስፋ አታድርጉ። ወደ ደቅና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የምትሻገሩ ከሆነ ጉዞው ብዙ ሰዓታት ይወስዳል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ሙዝ ያዙ፤ በወቅቱ ከሆነም ማንጎ ጨምሩበት። በሶ በውኃና በትንሽ ጨው ተበጥብጦ እስከ ማታ ያቆያል።

ጥያቄ፦ የጓደኛዬ ቤተሰቦች ገጠር ጋብዘውኛል። እናቱ ዶሮ ሊያርዱልኝ መሆኑን ሰምቻለሁ። ሳላስቀይም እንዴት እምቢ ልበል?

መልስ፦ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው። ዶሮዋ ከታረደች በኋላ የሚነገር እምቢታ በጎጃም ቤት ትልቅ ኀዘን ነው፤ ስለዚህ ዛሬውኑ፣ በጓደኛዎ በኩል፣ ሥጋ እንደማይበሉ እንዲያውቁ ያድርጉ። በፍስክ ቀን «ጾም ላይ ነኝ» ብለው እንዲያመካኙ አልመክርም፤ እናትዮዋ «ስለ ማን ነው የሚጾመው?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ ይጠፋዎታል፤ እውነቱ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ቢመጣበትም ይቆማል። የእናቶች ቅሬታ ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው እንግዳው ሥጋ አለመብላቱ ላይ ሳይሆን ተርቦ ይሄድብኛል ከሚለው ፍርሃት ነው። በመሆኑም የቀረበውን ሽሮ ወይም ምስር ጥግብ ብለው ይብሉ፤ ይጨመርልኝ ይበሉ፤ «አፈር ስሆን» ብለው ሲያጎርሱዎት አይሽሹ። አስቀድመው ካሳወቁ ጉርሻው ከምስሩ ይሆናል። ቡናውን እስከ በረካ ተቀምጠው ይጠጡ፤ ከቤቱ ምግብ ሸሽተው እንዳልሄዱ ያን ጊዜ ያምናሉ።

ጥያቄ፦ እንቁላልና ወተት እመገባለሁ፤ የተውሁት ሥጋን ብቻ ነው።

መልስ፦ እንግዲያው የሚያስቸግርዎት ነገር ጥቂት ነው። በፍስክ ቀን እንቁላል ፍርፍርና እርጎ አያጡም።

ጥያቄ፦ ያለ ሥጋ ረጅም ጉዞ ጉልበት አያሳጣም? ቫይታሚን ቢ12ስ?

መልስ፦ ቢ12 ከዕፅዋት አይገኝም። ሰውነት ግን በጉበት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚያከማቸው፣ የአንድ ሳምንት ጉዞ ምንም አያጎድልብዎትም። ወተትና እንቁላልንም ጨርሰው ለዘለቄታው የተዉ ሰዎች በጉዞም ሆነ በቤት በሐኪም ምክር እንክብሉን መውሰድ አለባቸው፤ በዚህ ጉዳይ ቸል የሚሉትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ብረትን በተመለከተ፣ በምስርና በጎመን ላይ ሎሚ መጭመቅ ሰውነት ብረቱን እንዲቀበል ያግዛል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ያግደዋል። ቡናውን ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይበጃል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመለስ፣ አውቶቡሱ ለምሳ በሚቆምበት ቦታ ምን እበላለሁ?

መልስ፦ ጉዞዎን ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢያደርጉት ደብረ ማርቆስም ቢቆም ደጀን፣ በያይነቱ በአጭር ጊዜ ይቀርብልዎታል። በሌላ ቀን ከተሳፈሩ የምሳው ሰዓት አጭር ስለሆነ ወጥ ሠሪዋን ፈልጎ ስለ ቅቤው ለመጠየቅ ጊዜ አይኖርዎትም፤ ማታውኑ ፍርፍር በዘይት አሠርተው በምሳ ዕቃ ይያዙ። ከዓባይ በረሃ ሙቀት አንጻር ቲማቲም የበዛበትን ይተዉ፤ ቶሎ ይበላሻል።