ሐኪም ሳልሆን በሕክምና ሚሽን ልሂድ? የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ ዛሬ ሁሉንም እዚሁ ልመልስ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ነርስም አይደለሁም፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከክርስቲያን የሕክምና ቡድኖች ጋር ግን ሰባት ጊዜ ወደ ውጭ ተጉዣለሁ። ሰባቱንም ጊዜ ሥራዬ ካርድና ወረፋ ነበር። ስለ እሱ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ፦ ባለሙያ ካልሆናችሁ በሽተኛ አትንኩ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እናገረዋለሁ።

አስተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ለሕክምና ሚሽን ቡድን እያሰባሰበች ነው። ልቤ ተነክቷል፣ ግን ሰው መርፌ ሲወጋ እንኳ ማየት አልችልም። ሄጄ ሸክም ከምሆን ብቀር አይሻልም?

መልስ፦ አትቅሪ። ማርቆስ 2 ላይ ሽባውን ተሸክመው የመጡትን አራት ሰዎች አስቢ። አንዳቸውም አልፈወሱትም። ሥራቸው መሸከም ነበር፣ በሩ በሰው ሲዘጋ ደግሞ ጣራ ማንሳት። የእኛም ሥራ ይኸው ነው፤ ሰውየውን ሐኪሙ ፊት ማድረስ።

አንድ ጠዋት ልንገርሽ። ክሊኒኩ የሚከፈተው 2 ሰዓት ላይ ነው፣ እኛ 12 ሰዓት ላይ ስንደርስ ግቢው ጢም ብሏል። ሌሊቱን በእግር ሲጓዙ ያደሩ አሉ። ሐኪሞቹ በቀን ማየት የሚችሉት ሰው የተወሰነ ስለሆነ ቁጥር ይታደላል። ቁጥሩ ካለቀ በኋላ ለመጣ ሰው «ዛሬ አልደረሰዎትም» የምንለው እኔና አስተርጓሚው ነን። ከዚያ ካርድ አለ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሰፈር፣ የመጣበት ምክንያት። ቀላል ይመስላል። በሦስተኛው ጉዞዬ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ልጆች ተከታትለው መጡና ካርዳቸውን አቀያየርኩት። አንዱ ካርድ ላይ 9 ኪሎ፣ ሌላው ላይ 21 ኪሎ ተጽፏል። ለልጅ መድኃኒት የሚሰፈረው በክብደት ነው። መድኃኒት የምታድለው ነርስ ቀና ብላ ትልቁን ልጅ አይታ «ይሄ ነው 9 ኪሎ?» ባትል ኖሮ ትንሹ ልጅ ከእጥፍ በላይ መድኃኒት ተሰጥቶት ይሄድ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናት ስም ሳልጽፍ ለልጅ ካርድ አልሰጥም።

ወረፋው ውስጥ ደግሞ ዓይንሽን ትጥያለሽ። ትንፋሽ ያጠረው፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ራሱን የሳተ፣ የምትደማ ነፍሰ ጡር፣ ጡት መጥባት ያቆመ ጨቅላ ስታዪ ወዲያው ነርስ ትጠሪያለሽ። ምን እንደያዛቸው ማወቅ ያንቺ ሥራ አይደለም። አይቶ መጥራት ግን ያንቺ ነው። እና አስተማሪ ነሽ፤ ስም ጠርቶ 60 ሰው በሥርዓት ማስቀመጥ ከማናችንም በላይ ትችይበታለሽ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እኔስ? በሙያዬ የምፈለግ አይመስለኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተን ሁለት ሐኪም ሰጥቼ እወስድሃለሁ! መብራት ከሄደ ቀዶ ጥገና የለም፣ ኦክስጅን የሚያመርተው ማሽን ይቆማል፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት ያለበት ክትባት ይበላሻል። ከመሄድህ በፊት የቦታውን ቮልቴጅና የጄኔሬተሩን አቅም ጠይቅ። በ120 ቮልት የሚሠራ ዕቃ 230 ቮልት ላይ ሰክተው ሲያቃጥሉ አይቻለሁ፤ መሣሪያ ማምከኛ ነበር፣ ሳምንቱን ሙሉ መሣሪያ በፈላ ውሃ ሲቀቀል ሰነበተ። መርሲ ሺፕስን ታውቁ ይሆናል፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተ፣ በመርከብ ላይ ሆስፒታል የሚያንቀሳቅስ ክርስቲያናዊ ድርጅት ነው። መርከቦቹ ላይ ከሐኪሞቹ ጋር መካኒክ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ምግብ አብሳይና የሠራተኛ ልጆች አስተማሪ አብረው ይኖራሉ። አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ወጪያቸውንም ራሳቸው ይሸፍናሉ።

አዲስ አባል፦ መረጃ ስጡኝ።

መልስ፦ ስለ ምን? ለይተህ ጠይቅ።

መንገደኛው፦ ደመወዙ ስንት ነው? በዚያው መቅረትስ ይቻላል?

መልስ፦ ደመወዝ የለም። ከፋዩ አንተ ነህ፦ ትኬት፣ ምግብ፣ ማደሪያ፣ ኢንሹራንስ። «ሚሽን አስገባሃለሁ፣ እዚያ ሥራ ታገኛለህ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህ ካለ ደላላ ነውና ሽሸው። ስለ መቅረት፦ አይሆንም። የጥሪ ደብዳቤውን የፈረመልህ አንድ ሰው አለ፣ ብዙ ጊዜ የዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን መሪ ነው። አንተ ስትጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ለዓይን ሐኪሞቹ ቪዛ ሲከለከል ማየት ያጡት ሽማግሌዎች ሳይታከሙ ይቀራሉ። የኑሮ ጭንቀትህን አልንቅም፤ መንገዱ ግን ይህ አይደለም።

እናት ነኝ፦ ክትባትና ቪዛ እንዴት ነው?

መልስ፦ ቪዛውን ኤምባሲውን ጠይቂ። የፓስፖርትሽ ቀሪ ጊዜ ከስድስት ወር በላይ ይሁን። በቱሪስት ቪዛ ማገልገል ይፈቀድ እንደሆነ አስተናጋጁ (እዚያ የሚቀበልሽ ክሊኒክ ወይም ቤተ ክርስቲያን) በጽሑፍ ያረጋግጥልሽ። ክትባት ደግሞ ቀድሞ መጀመር አለበት። የቢጫ ወባ የምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የተለመደው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ዙር ስለሆነ ስድስት ወር ይፈጃል። የወባ መከላከያ ስትመለሺም ይቀጥላል፦ ዶክሲሳይክሊን አራት ሳምንት፣ አቶቫኮን ከፕሮጓኒል ጋር ሰባት ቀን። የትኛው እንደሚስማማሽ ሐኪምሽ ይንገርሽ።

ትጉህ፦ እኔ ደም ግፊት መለካት በቪዲዮ ተምሬያለሁ። መርፌም ሐኪሙ አጠገቤ ቆሞ ካሳየኝ የምችል ይመስለኛል። ሰው እየተሠቃየ እጄን አጣጥፌ ልቁም?

መልስ፦ አዎ፣ ቁም። በአገርህ ሆስፒታል ገብተህ ሰው መውጋት ይፈቀድልሃል? ካልተፈቀደልህ እዚያም አይፈቀድልህም። ሰውየው ድሃ በመሆኑ ሰውነቱ የመለማመጃ ቦታ አይሆንም። «ሐኪሙ ፈቀደልኝ» የሚለው ምክንያት አይሆንም፤ ሐኪሙ ራሱ የሚሠራው በዚያ አገር ጤና ባለሥልጣን ፈቃድ ነው፣ ላንተ ቆርሶ ሊሰጥህ አይችልም።

ይህን የምለው ራሴ ስለተሳሳትኩ ነው። በመጀመሪያ ጉዞዬ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሰማያዊ የሐኪም ልብስ ተሰጠን። ለበስኩት፣ ደስም አለኝ። ማታ ወደ ማደሪያ ስንመለስ አንዲት እናት ክንዴን ያዘችና ሕፃኗን አስታቀፈችኝ። «ዶክተር» አለችኝ። ሕፃኑ እንደ እሳት ይፋጃል። እኔ ስለ ሕፃን የማውቀው አንድም ነገር የለም፣ እሷ ግን ልብሴን አይታ ሐኪም አገኘሁ ብላ ተንፍሳለች። እየሮጥኩ ነርሷን ጠራሁ፣ ልጁም ታከመ። የዚያች ሴት ዓይን ግን እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም። ልብሱን ከዚያ በኋላ ለብሼ አላውቅም። «በጎ ፈቃደኛ» የሚል በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ ባጅ አድርጉ።

የወጣቶች መሪ፦ ይቅርታ፣ እስካሁን ስለ ካርድና ስለ ባጅ ብቻ ነው የምናወራው። ወንጌል ካልተሰበከ ከሌላ የእርዳታ ድርጅት በምን ተለየን? ወረፋ ላይ 200 ሰው ተቀምጦ ሳለ ዝም ማለት ኃጢአት ነው።

ነርስ ነኝ፦ ወንድሜ፣ ወረፋ ላይ ያለ ሰው ተነስቶ መሄድ አይችልም። ልጁ ታሟል። «እጅህን አንሳ» ብትለው ያነሳል፣ «ጸልይ» ብትለው ይጸልያል፣ ካርዱን እንዳይነጠቅ ስለሚፈራ። ያንን «ጌታን የመቀበል ውሳኔ» ብለህ ትቆጥራለህ?

የወጣቶች መሪ፦ ማንም ካርድ አልነጠቀም። ሉቃስ 10፥9 ድውዮችን ፈውሱ፣ መንግሥቱም እንደ ቀረበች ንገሯቸው ይላል። ግማሹን ብቻ እንታዘዝ?

ነርስ ነኝ፦ እኔም አማኝ ነኝ። ትእዛዙን አልቃወምኩም።

ሌላ አባል፦ ዋናው ፍቅር ነው፣ አትጨቃጨቁ እባካችሁ።

መልስ፦ ተዋቸው ይነጋገሩ፣ ጥያቄው ትልቅ ነው። የወጣቶች መሪ፣ የጠቀስከውን ጥቅስ ቅደም ተከተሉን እይ፦ መጀመሪያ ፈውሱ፣ ከዚያ ንገሯቸው። ሉቃስ 17 ላይም ጌታ አሥር ለምጻሞችን አነጻ፣ ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ነው። የዘጠኙን ፈውስ ግን አልመለሰባቸውም። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው፦ የጸሎቱ ቦታ ከመድኃኒት ማደያው በኋላ ነው። ሰውየው መድኃኒቱን በእጁ ይዟል፣ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። «እንዲጸለይልዎ ይፈልጋሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። አይ ካለ በሰላም ይሸኛል። አዎ ካለ የሚጸልይለት የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፣ ምክንያቱም እኛ በሳምንቱ እንሄዳለን፣ እሱ ግን ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቀዋል። አንድ አዛውንት በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጥተው «የዚያን ቀን ቸኩዬ ነበር፣ ዛሬ ጸልዩልኝ» ብለውናል። ያለ ካርድ፣ ያለ ወረፋ።

የወጣቶች መሪ፦ እሺ፣ ቅደም ተከተሉን አልቃወምም። ግን ጊዜ ይመደብለት።

መልስ፦ ይመደብለት። ተስማማን።

ፎቶ ወዳጅ፦ የሚዲያ አገልግሎት ላይ ነኝ። ካሜራ ይዤ ብሄርስ?

መልስ፦ ግንባታውን፣ ሳጥኖቹን፣ ቡድኑን አንሳ። በሽተኛን ያለ ፈቃድ አታንሳ፣ ፈቃዱም በአስተርጓሚ፣ ፎቶው የት እንደሚወጣ ተነግሮት ይሁን። ቁስልና ያልለበሰ ሕፃን ጨርሶ አታንሳ። ፊቷ ላይ ትልቅ እባጭ የነበረባት ሴት ከቀዶ ጥገናው በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችው መስተዋት ነበር። የድሮ ፊቷ ዛሬም በሰው ስልክ ላይ መኖሩን ብታውቅ ምን ይሰማታል?

አዲስ አባል 2፦ ሐኪም አይደለሁም፣ መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ የዛሬው ርዕስ በሙሉ እሱ ነው። ከላይ አንብቢ።

ለጋሷ፦ ቤታችን የተረፈ አንቲባዮቲክና የደም ግፊት መድኃኒት አለ። ሰብስቤ ብልክስ?

መልስ፦ አትላኪ። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መድኃኒት ልገሳ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያወጣው መመሪያ ለበሽተኛ ተሰጥቶ የተረፈ መድኃኒት እንዳይለገስ ይከለክላል። የሚለገሰውም ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ሊቀረው ይገባል። ከቀረጥ ቢሮ ፊት ጊዜው ያለፈበት ካርቶን ይዞ መቆም ቡድኑን ሁሉ ያስጠረጥራል። የተፈለገውን ዝርዝር አስተናጋጁ ክሊኒክ ይስጥሽ።

ሂሳብ አዋቂ፦ አንተም የሂሳብ ሰው ነህና በእውነት መልስልኝ። የትኬቴን ገንዘብ ብልክላቸው አይሻልም?

መልስ፦ አንዳንዴ ይሻላል። ይህን በቀጥታ ጠይቋቸው። እኔ አንድ ዓመት ጠየቅሁ፤ የክሊኒኩ ኃላፊ «ዘንድሮ አትምጣ፣ በትኬትህ ገንዘብ የካርድ ክፍል ልጅ እንቅጠር» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ላክሁት። በሚቀጥለው ዓመት የቀዶ ጥገና ቡድን ሲመጣ «አሁን ና» አለኝ። ስደርስ ያቺ የተቀጠረችው ልጅ ካርድ ክፍሉን ከእኔ በተሻለ ታንቀሳቅሰዋለች፣ ቋንቋውም የእሷ ነው። እኔ በእሷ ሥር ሠራሁ።

ነርስ ነኝ፦ አንድ ጥያቄ ልጨምር። ድርጅት ስንመርጥ ምን እንጠይቅ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ማን ጋበዛችሁ? ሐኪሞቹ በዚያ አገር የመሥራት ፈቃድ አላቸው? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ደም ግፊት የተገኘባት እናት የ30 ቀን መድኃኒት ይሰጣታል። በ31ኛው ቀን ማን ያያታል? «እግዚአብሔር ያውቃል» ብቻ ካሏችሁ ከእነሱ ጋር አትሂዱ። እኛ ማታ ማታ ካርዶቹን በሁለት ቅጂ እንገለብጣለን። አንዱ በሽተኛው እጅ ይገባል፣ ሌላው የክትትል ቀን ተጽፎበት አስተናጋጁ ክሊኒክ ይቀራል። እጅ ያማል፣ እስከ ማታ 4 ሰዓት የምንቀመጥበት ጊዜ አለ። መርፌ ማየት የማይችል ሰው በደንብ የሚሠራው ሥራ ነው፣ አስተማሪዋ ሆይ።

አስተማሪዋ፦ ነገ እመዘገባለሁ። የካርዱን ቅጽ ልታሳየኝ ትችላለህ?

መልስ፦ ነገ ማታ እለጥፍልሻለሁ። ስም ያልተጻፈበት ባዶውን ነው የምለጥፈው። የእናት ስም የሚጻፍበት ሁለተኛው መስመር ላይ ነው።