የሚጥል በሽታን ለማከም ለምትነሡ ወጣት ተመራማሪዎች

ዶክትሬታችሁን ጨርሳችሁ፣ ለሚጥል በሽታ አዲስ ሕክምና በሚፈልግ ቤተ ሙከራ በድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪነት ለመቀጠር የምታስቡ ልጆቼ፣ አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚሻል ነው። እኔ ግን ከስሙ አስቀድማችሁ ቤተ ሙከራው መድኃኒትን በምን ዘዴ እንደሚፈትን እንድትጠይቁ እመክራችኋለሁ፤ በዚህ ሙያ የምናገኘውን የሚወስነው በአብዛኛው የምንፈትንበት መንገድ ነውና።

አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ሜሪትና ፑትናም በ1938 እ.ኤ.አ. ፌኒቶይን የተባለውን መድኃኒት ጠቀሜታ ያወቁት በኤሌክትሪክ የሚቀሰቀስን የድመቶች መንቀጥቀጥ መግታቱን አይተው ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ጤነኛ እንስሳን በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል ማንቀጥቀጥ ዋናው ወንፊት ሆኖ ቆየ። በዚህ መንገድ ያለፉ መድኃኒቶች ብዙ ሰው ጠቅመዋል፤ ይሁን እንጂ ዛሬም ከሦስት ሕሙማን የአንዱ ያህሉ በሽታ በመድኃኒት አይገታም። ሌቪታይራሴታም የተባለው መድኃኒት እነዚህን ሁለት የተለመዱ ፈተናዎች አላለፈም ነበር፤ ዋጋው የታየው በሽታው በእርግጥ በያዛቸው እንስሳት ላይ ሲሞከር ነው። በአሜሪካ በ1999 እ.ኤ.አ. ከተፈቀደ በኋላ እንኳ አእምሮ ውስጥ የሚይዘው ፕሮቲን የታወቀው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ፣ በቅርቡ ያልሠራ ውህድ እንዴት እንደተመዘገበና ለምን እንደተተወ ኃላፊውን በትሕትና ጠይቁ። መልሱን በግልጽ የሚነግራችሁ ሰው ጥሩ መምህር ይሆናችኋል ብዬ አምናለሁ።

የዕለት ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። በሽታው የያዛት የሙከራ አይጥ ሌት ተቀን በቪዲዮና የአእምሮን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው በኢኢጂ ትቀረጻለች፤ ሕመሙ ሲነሣባት መጀመሪያ ባለችበት ትደርቃለች፣ ታኝካለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ የፊት እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ በመጨረሻም በኋላ እግሮቿ ቆማ ትወድቃለች። ቀረጻውን የሚያነብ ሰው የትኛዋ መድኃኒት እንደወሰደች ማወቅ የለበትም። ከዚህም በላይ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ተከታትሎ ተነሥቶ ለቀናት ጋብ ስለሚል፣ መድኃኒቱን በጋብታው ወቅት የሰጠ ተመራማሪ ያልሠራውን ሠራ ሊል ይችላል። ከመድኃኒቱ በፊት በቂ ጊዜ መቅረጽ ያሰለቻል፤ ቢሆንም በዚህ ነገር ከማንም ጋር አትደራደሩ።

ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቪዛና የምርምር ገንዘቡ ስንት ዓመት እንደቀረው ሳታፍሩ ጠይቃችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከአገር ቤት ለወጣችሁት የምጨምረው አለ። በዓለም ላይ ከሚገኙት 50 ሚሊዮን ያህል ሕሙማን 80 በመቶ የሚጠጉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ፤ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ፌኖባርቢታል በኢትዮጵያ ዛሬም የብዙዎች መድኃኒት ነው። ቫልፕሮኤት የተባለው ሌላ መድኃኒት በሽታውን በደንብ ቢገታም ለፅንስ አደገኛ ስለሆነ መውለድ ለሚችሉ ሴቶች እንደ ልብ አይታዘዝም። የምትሠሩበት ውህድ ተስፋ ሰጪ መስሎ ሲታያችሁ፣ ለነፍሰ ጡር ያሰጋ እንደሆነ፣ ተደጋጋሚ የደም ምርመራ ይጠይቅ እንደሆነ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ይቆይ እንደሆነ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ በቡድናችሁ ስብሰባ ላይ አንሡ።