አርባ ሰው ጮኸ፣ ሁለት ሰው ታየ

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የጅሩ ገበሬ ነኝ። ወረዳው ሰብስቦን ስለ ማዳበሪያ ስንጮህ ዋልን። አርባ ሰው እንሆናለን። ማታ ቴሌቪዥኑ «አርሶ አደሮች በግብዓት አቅርቦቱ መደሰታቸውን ገለጹ» አለ። ሁለት ሰው አሳዩ፣ ሁለቱም አመስጋኝ። አንተም ድሮ ጋዜጠኛ ነበርክ አሉ። እንዲህ ሲዋሽ ሰው አያፍርም? (ስም ያልተጻፈበት ደብዳቤ፣ ከእነዋሪ)

መልስ፦ ያፍራል አባቴ። እኔም አፍሬ አውቃለሁ።

ደብረ ብርሃን ሆኜ ዜና ስሠራ መኪና አልነበረንም። አንድ ቀን ወደ መንዝ የሄድኩት በባለሥልጣኑ ፒካፕ ነው፤ ከኋላ ወንበር፣ ካሜራዬን ታቅፌ። አበሉም ምሳውም የእነሱ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲያዘገየን የሕዝብ ግንኙነቱ ሁለት ገጽ ወረቀት አቀበለኝ። ዜናው ተጽፎ አልቋል፣ ርዕሱ ሳይቀር። ስብሰባው ገና አልተጀመረም እኮ!

አዳራሹ ውስጥ ባና የደረቡ እናት ተነሡ። «ቦኖው ውሃ የሰጠን ሪባኑን የቆረጣችሁ ቀን ብቻ ነው» አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ቀረጽኳቸው። ማታ አለቃዬ አየና «ይቺን ለሌላ ፕሮግራም እናቆያት» አለ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደቆየች ናት።

እና ሁልጊዜ ውሸት ይፈጠራል ማለት አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ከልባቸው አመስግነው ይሆናል። የቀራችሁትን ነው መቀስ የበላችሁ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ሚዲያ የተለያየ አስተያየት እንዲያስተናግድ ያዛል። ግን በጀት ሰጪውም፣ መኪና ሰጪውም፣ ቃል ሰጪውም አንድ ሲሆን ሪፖርተሩ ማንን ይጠይቅ? የግሉም ቢሆን የማስታወቂያ ደንበኛውን ፊት ያያል። ዩቲዩቡን ተዉት፤ እሱ የእናንተን ጩኸት «ሰበር» ብሎ ጅሩን በእሳት ያነዳታል።

ማድረግ የሚቻል ነገር አለ። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ፣ ቁጥር 1238፣ የተሳሳተ ዘገባ የነካው ሰው እርማትና መልስ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ዜናው የተላለፈበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። ስብሰባው ላይ ማን ምን እንዳለ ጨምሩ። ለጣቢያው ስጡ፣ ግልባጩን ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን። ደግሞ ቢያንስ አሥር ሆናችሁ ፈርሙ። ለእኔ የላኩት ደብዳቤ ላይ ስም የለም፤ ለምን እንደሆነ ይገባኛል። አሥር ያልኩትም ለዚያ ነው።